ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ ትምህርቱን ማን ይከፍላል? በኦሃዮ ኮሚኒቲ ስኩል ልጃቸውን ለሚያስተምሩ ወላጆች

አንዲት እናት ስብሰባ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ከሆስፒታል ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ክፍል ለመግባት ግን ገና አቅም የለውም። ቤት መጥቶ የሚያስተምረው ሰው ይመደብልኝ አለች። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው በጨዋ ድምፅ «እኛ ትንሽ ኮሚኒቲ ስኩል ነን፤ ለዚህ የሚሆን በጀት የለንም» አላት። እሷም «እሺ፣ ገባኝ» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔ የዚያን ቀን አስተርጓሚ ነበርኩ። አስተርጓሚ የተባለውን ያስተላልፋል እንጂ አስተያየት አይሰጥም። ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

«በጀት የለንም» የሚለው በሕግ ፊት እንደ መልስ አይቆጠርም። ገንዘቡን መፈለግ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው። የእናንተ ሥራ ልጁ ምን እንደሚያስፈልገው ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ነው። ወረቀቱ በደንብ ከተሞላ ገንዘቡ ከተለያየ አቅጣጫ ይመጣል። ካልተሞላ ግን ትምህርት ቤቱ ቢፈልግም እንኳ የሚጠይቅበት ነገር የለውም።

የምጽፈው ስለ ኦሃዮ ነው። የፌዴራሉን ሕግ የሚመለከተው ክፍል በሌላ ግዛት ላላችሁም ይሠራል።

መጀመሪያ ትምህርት ቤታችሁን እወቁ

ኦሃዮ ውስጥ ኮሚኒቲ ስኩል የሚባለው፣ ሌላው አሜሪካ ቻርተር ስኩል የሚለውን ነው። በ1997 በወጣ ሕግ የተፈቀደ ነው። ስሙ «አካዳሚ» ስለሚል፣ ልጆቹም ዩኒፎርም ስለሚለብሱ ብዙ አበሻ ወላጅ የግል ትምህርት ቤት ይመስለዋል። አይደለም። ክፍያ የማይጠይቅ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። ስፖንሰር የሚባል ተቆጣጣሪም አለው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ልጁ እነሱ ጋ እስከተመዘገበ ድረስ የልዩ ትምህርት ኃላፊነቱም የእነሱ ስለሆነ ነው። «ይሄን የሰፈራችሁን ዲስትሪክት ጠይቁ» ቢሏችሁ (ዲስትሪክት የሰፈሩን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው አካል ነው) «ለምን? የተመዘገበው እናንተ ጋ አይደል?» በሉ። የፌዴራሉ ሕግ ቻርተር ስኩል የሚማር ልጅ ከሌላው የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጅ ያነሰ መብት እንደሌለው በግልጽ ይናገራል።

ሕጉ አይዲኢኤ ይባላል፤ ሰዉ «አይዲያ» ብሎ ይጠራዋል። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ኖቬምበር 29 ቀን 1975 የፈረሙት ነው፤ የአሁኑን ስም ያገኘው በ1990 ነው። ከ3 ዓመት ጀምሮ ያለ አካል ጉዳተኛ ልጅ ነፃና ለእሱ የሚመጥን ትምህርት ማግኘት አለበት ይላል። በኦሃዮ ይህ መብት 22 ዓመት እስኪሞላው ይቆያል። ትምህርቱ የት የት ሊሰጥ እንደሚችል ሕጉ ሲዘረዝር መደበኛ ክፍል፣ ልዩ ክፍል፣ ልዩ ትምህርት ቤት፣ ቤት እና ሆስፒታል ይላል። ሆስፒታል ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። ማንም በችሮታ የሚሰጣችሁ ነገር አይደለም።

«ልጄ ታመመ እንጂ አካል ጉዳተኛ አይደለም» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ይህ ቃል እኛ ዘንድ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ሕጉ ግን ከ13ቱ የአካል ጉዳት ምድቦች አንዱን «ሌላ የጤና እክል» ብሎታል። በዚያ ውስጥ አስም፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር)፣ የኩላሊት ሕመም እና ሲክል ሴል የሚባለው የደም ሕመም በስም ተጠቅሰዋል። ሕመሙ የልጁን ጉልበት ወይም ንቃት ቀንሶ ትምህርቱን ከጎዳና ልዩ ትምህርት ካስፈለገው ምድቡ ውስጥ ይገባል። ቃሉ የፎርም ቃል ነው። የልጁን ማንነት አይነካም።

1ኛ፦ ልጁ አልጋ በያዘበት ቀን ለትምህርት ቤቱ ጻፉ

ይህን የመጀመሪያ ያደረግኩት ለጨዋነት ብዬ አይደለም። የኦሃዮ ሕግ አንድ ወጥመድ አለው። የኮሚኒቲ ስኩል ተማሪ ያለ በቂ ምክንያት በተከታታይ 72 የትምህርት ሰዓት ከቀረ፣ ትምህርት ቤቱ ከመዝገብ እንዲሰርዘው ይገደዳል። በፊት 105 ሰዓት ነበር፤ በ2019 ወረደ። 72 ሰዓት ማለት በቀን ስድስት ሰዓት ለሚማር ልጅ 12 የትምህርት ቀን ነው። የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ወይም ከባድ ቀዶ ጥገና ይህን በቀላሉ ያልፋል።

«ያለ በቂ ምክንያት» የምትለዋ ሐረግ ናት የምታድናችሁ። ሕመም በቂ ምክንያት ነው፤ ግን ቢሮው ማወቅ አለበት። ልጁ ከተሰረዘ ለእሱ ይመጣ የነበረው ገንዘብም ይቆማል፤ እናንተም እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ስለዚህ በዚያው ቀን ኢሜይል ላኩ። ስልክ ደውላችሁ ከሆነም ማታ በኢሜይል ድገሙት። አጭር ይሁን፦ «ልጄ እገሌ፣ የ4ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝቷል። የሐኪም ደብዳቤ እልካለሁ። እባካችሁ መቅረቱ በሕመም ተብሎ ይመዝገብ፤ መመዝገቡንም በጽሑፍ አሳውቁኝ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሱ። መልስ ካልመጣ ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ኢሜይል መልሳችሁ ላኩ። ነዝናዛ ቢሏችሁ ግድ የለም።

2ኛ፦ ግምገማ በጽሑፍ ጠይቁ

ልጁ አስቀድሞ አይ.ኢ.ፒ. ካለው ይህን ዝለሉና የአይ.ኢ.ፒ. ስብሰባ በአስቸኳይ ጥሩ። አይ.ኢ.ፒ. ማለት ለልጁ በግሉ የሚጻፍ የትምህርት ዕቅድ ነው፤ የቀረው ሁሉ በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከሌለው እንዲህ ጻፉ፦ «ልጄ በሕመሙ ምክንያት ትምህርቱን መከታተል ተቸግሯል። ለልዩ ትምህርት አገልግሎት ብቁ መሆኑ እንዲገመገም እጠይቃለሁ።» ቀኑን ጻፉበት። ቅጂውን አስቀሩ። ይህቺ ሁለት መስመር ሰዓቱን ታስጀምራለች። በኦሃዮ ትምህርት ቤቱ 30 ቀን አለው፤ በዚያ ውስጥ ወይ የፈቃድ ፎርም ያስፈርማችኋል፣ ወይ ለምን እንደማይገመግም በጽሑፍ ይነግራችኋል። ከፈረማችሁበት ቀን አንስቶ ደግሞ ግምገማውን ለመጨረስ 60 ቀን አለው። ልጁ ብቁ ከተባለ በኋላ አይ.ኢ.ፒ.ውን የሚጽፈው ስብሰባ በ30 ቀን ውስጥ መደረግ አለበት።

በዚህ መሀል የምትሰሟቸው የፎርም ስሞች አሉ። ፒ.አር. 05 የፈቃድ ፎርሙ ነው። ፒ.አር. 06 የግምገማው ሪፖርት ነው። ፒ.አር. 07 ራሱ አይ.ኢ.ፒ.ው ነው። ፒ.አር. 01 ደግሞ ትምህርት ቤቱ አንድን ነገር ሲወስን ወይም እንቢ ሲል ምክንያቱን ጽፎ የሚሰጣችሁ ወረቀት ነው። ቢያንስ የመጨረሻዋን በቃላችሁ ያዙ። በኋላ እመለስባታለሁ።

«መጀመሪያ ለጥቂት ወራት እንየው» ቢሏችሁ መልካም፣ ይዩት። የግምገማ ጥያቄያችሁ ግን በዚያ ሰበብ መዘግየት የለበትም።

3ኛ፦ የሐኪሙን ደብዳቤ አስተካክሉ

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ሐኪሙ «ልጁ በሕክምና ላይ ነው፤ እባካችሁ ተባበሩት» ብሎ በአንድ መስመር ይገላግላችኋል። ደግ ደብዳቤ ነው፤ ግን አንድም ዶላር አያንቀሳቅስም።

ደብዳቤው እነዚህን እንዲመልስ ጠይቁ። የሕመሙ ስም ምንድን ነው? ልጁ ትምህርት ቤት መሄድ የማይችለው ከመቼ እስከ መቼ ነው? በቀን ስንት ደቂቃ ቁጭ ብሎ መማር ይችላል? ሕክምናው ድካም፣ የመርሳት ችግር፣ የዓይን ወይም የጆሮ ጉዳት ያመጣል? ለተላላፊ በሽታ ተጋላጭ ነው? ነርስ በየቀኑ ያስፈልገዋል? ሐኪም በየስንት ጊዜው ያየዋል?

የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ትንሽ ይመስላሉ። ትንሽ አይደሉም። ለምን እንደሆነ ለማየት የኦሃዮን የገንዘብ አከፋፈል ማወቅ ያስፈልጋል።

ግዛቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከሚሰጠው መነሻ ገንዘብ በላይ፣ አካል ጉዳት ላለው ተማሪ ተጨማሪ ይከፍላል። ተጨማሪው በስድስት የክፍያ ምድብ የተከፈለ ነው፤ ይህ ቀደም ካልኳቸው 13ቱ የተለየ ነው። የንግግር ችግር ብቻ ያለበት ልጅ 1ኛ ምድብ ነው። ኦቲዝም ያለበት ወይም የጭንቅላት አደጋ የደረሰበት ልጅ 6ኛ ነው። እያንዳንዱ ምድብ ክብደት የሚባል ቁጥር አለው፤ ያ ቁጥር በግዛቱ አማካይ የተማሪ ወጪ ይባዛል። በ2021 በወጣው የትምህርት ቤት ፋይናንስ ሕግ የ1ኛው ክብደት 0.2435፣ የ2ኛው 0.6179፣ የ4ኛው 1.9812፣ የ6ኛው 3.9554 ነው።

አሁን ጉዱን ተመልከቱ። «ሌላ የጤና እክል» የሚለው ምድብ በኦሃዮ ለሁለት ይከፈላል። ቀላል የሚባለው 2ኛ ምድብ ውስጥ ነው። ከባድ የሚባለው 4ኛ ነው። ለስሌት እንዲመቸን አማካዩ 8,000 ዶላር ነው እንበል። በ2ኛው ምድብ ትምህርት ቤቱ ወደ 4,943 ዶላር ተጨማሪ ይታሰብለታል። በ4ኛው ወደ 15,850። የልጁ ሕመም ያው ነው። የሚለያየው በወረቀት የተረጋገጠው ነገር ነው። ከባድ ለመባል የሚታየው ሕመሙ ስላልተረጋጋ ሐኪም ቢያንስ በሳምንት አንዴ ያየዋል ወይ፣ ነርስ በየቀኑ ያስፈልገዋል ወይ፣ ሆስፒታል ወይም ተቋም የመግባት ስጋት አለበት ወይ የሚለው ነው። ይህን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። ካልጻፈው ማንም አያውቅም።

ሐኪሙን አጋንነህ ጻፍ በሉት እያልኩ አይደለም። እውነቱን በዝርዝር ይጻፍ። ምድቡን የምትወስኑትም እናንተ አይደላችሁም። ደግሞም ይህ ገንዘብ በእናንተ ኪስ የሚገባ ወይም የልጁ ድርሻ ተብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ለልጁ የሚሰጠው አገልግሎትም በዚህ ልክ አይገደብም፤ ከመጣው ገንዘብ በላይ ካስፈለገው በላይ ይሰጠዋል።

ሐኪሙ ጊዜ የለውም ካላችሁ የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ጠይቁ። ብዙ የሕፃናት ሆስፒታሎች ከትምህርት ቤት ጋር የሚያገናኝ ሠራተኛ አላቸው። እነሱ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መቶ ጊዜ አስጽፈዋል።

4ኛ፦ ስብሰባው ላይ ዝርዝሩን አስጽፉ

አስተርጓሚ ጠይቁ። ነፃ ነው። የአይ.ኢ.ፒ. ስብሰባ ላይ ወላጁ የሚባለውን እንዲረዳ ማድረግ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ሕጉ አስተርጓሚን በስም ይጠቅሳል። ታላቅ ልጃችሁን ለአስተርጓሚነት አትውሰዱ። የ14 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሙ ሉኪሚያ እየተረጎመ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ከዚያ ቁጥር አስጽፉ። «እንደ አስፈላጊነቱ ይሰጠዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከወጣበት አይ.ኢ.ፒ. ምንም አታገኙም። በሳምንት ስንት ጊዜ? በየጊዜው ስንት ደቂቃ? የሚያስተምረው ማነው? የት? ሆስፒታል፣ ቤት ወይስ በኮምፒውተር? አስተማሪው ቢታመም ማን ይተካዋል?

በጣም የሚጠቅማችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሕመሙ የሚመላለስ ከሆነ አይ.ኢ.ፒ.ው ለሁለቱም ሁኔታ አስቀድሞ ይጻፍ። ለምሳሌ፦ ልጁ ሲሻለው መደበኛ ክፍል ይማራል፤ ሐኪሙ መውጣት አይችልም ብሎ በጻፈ በተወሰነ ቀን ውስጥ ደግሞ የቤት ወይም የሆስፒታል ትምህርት ይጀምርለታል። የቀኑን ቁጥር አስገቡ። እንዲህ ካልተጻፈ ልጁ በተኛ ቁጥር አዲስ ስብሰባ ይጠራል፤ ስብሰባው እስኪደርስ ልጁ ድኖ ይወጣል። ሲክል ሴል ያለባቸው ልጆች ወላጆች ይህን ድግግሞሽ በደንብ ያውቁታል።

ነርስና ትራንስፖርት ካስፈለጉ እነሱም እዚያው ይጻፉ። ሁለቱም በሕጉ «ተያያዥ አገልግሎት» ናቸው። «የሙሉ ቀን ነርስ አንችልም፤ ውድ ነው» ከተባላችሁ አንድ የታወቀ ፍርድ አለ። አዮዋ ውስጥ፣ በሴዳር ራፒድስ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚኖር ተማሪ ቀኑን ሙሉ ነርስ ያስፈልገው ነበር። ዲስትሪክቱ ወጪው ከአቅማችን በላይ ነው ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1999 ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 ወሰነ። ልጁ ትምህርት ቤት ለመዋል የሚያስፈልገውን አገልግሎት ነርስ ልትሰጠው የምትችል ከሆነ፣ ውድ መሆኑ አያስቀረውም አለ። ጉዳዩን ማንሳት አያስፈልጋችሁ ይሆናል። ግን ጠረጴዛው ዙሪያ ካሉት አንዱ ሳያውቀው አይቀርም።

የመማሪያው ልክ ላይም ክርክር ሊነሳ ይችላል። «ትንሽ ከተማረ ይበቃል» የሚለው አስተሳሰብ በ2017 ከኮሎራዶ በመጣ ሌላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳይ ተሽሯል። ዕቅዱ ልጁ ካለበት ሁኔታ አንፃር ትርጉም ያለው እድገት እንዲያሳይ ተደርጎ መዘጋጀት አለበት።

ስብሰባው ላይ ወዲያው መፈረም ግዴታ አይደለም። «ወደ ቤት ወስጄ ላንብበው» በሉ። የአይ.ኢ.ፒ.ው ቅጂ በነፃ ይሰጣችኋል።

5ኛ፦ ገንዘቡ ከየት ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ

ይህን እናንተ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ግን «በጀት የለንም» ለሚለው ሰው ስታነሱበት ፊቱ ይለወጣል።

አንደኛው ምንጭ ያነሳሁት የግዛቱ ክብደት ነው። በፊት የኮሚኒቲ ስኩል ገንዘብ ከልጁ ሰፈር ዲስትሪክት እየተቀነሰ ነበር የሚሄደው፤ በሁለቱ መካከል መቃቃር የማይጠፋውም በዚያ ነበር። ከ2021ዱ ሕግ ወዲህ ግዛቱ በቀጥታ ይከፍላቸዋል። ትምህርት ቤቱ የልጁን ምድብ ኢሚስ በሚባለው የግዛቱ የመረጃ ሥርዓት ውስጥ ማስገባት አለበት። ክፍያው ልጁ በተመዘገበበት የዓመቱ ክፍል ልክ የሚሰላ ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የልጄ ምድብ ኢሚስ ውስጥ ገብቷል? ስንተኛ ምድብ ተብሎ?» ቀና ጥያቄ ነው፤ እነሱንም ይጠቅማቸዋል።

ሁለተኛው፣ ከ2ኛ እስከ 6ኛ ምድብ ላለ ልጅ ወጪው ሕጉ ካስቀመጠው ጣሪያ ሲያልፍ የሚጠየቅ ተጨማሪ ገንዘብ ነው። ትምህርት ቤቱ ደረሰኙን ሰብስቦ ለግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ያመለክታል። ትንንሽ ኮሚኒቲ ስኩሎች ይህን መንገድ ሳይጠቀሙበት የሚቀሩበት ጊዜ አለ፤ የሒሳብ ሠራተኛቸው አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የፌዴራሉ የአይዲኢኤ ገንዘብ ነው። ኮንግረሱ በ1975 ከአማካይ የተማሪ ወጪ እስከ 40 በመቶ ድረስ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። አንድም ዓመት አልደረሰበትም፤ በቅርብ ዓመታት ከ15 በመቶ በታች ነው። ትምህርት ቤቶች ሲያማርሩ እውነት አላቸው ማለት ነው። ምሬታቸው ግን ወደ ዋሽንግተን ይሂድ። የልጁ አገልግሎት በዚያ አይቀነስም።

አራተኛው ሜዲኬይድ ነው። ልጁ ሜዲኬይድ ካለው ትምህርት ቤቱ ለነርስ፣ ለንግግር ሕክምና፣ ለፊዚዮቴራፒ የመሳሰሉትን ማስከፈል ይችላል። ለዚህ የእናንተ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው «የልጄ ሜዲኬይድ ያልቅብኛል» ብሎ ይፈራል። ሕጉ የልጁን ጥቅም የሚቀንስ ወይም ከኪሳችሁ የሚያስከፍል ነገር እንዳይደረግ ይከለክላል። ባትፈርሙም አገልግሎቱ በነፃ ይቀጥላል። እኔ እፈርም ነበር፤ ውሳኔው ግን የእናንተ ነው።

እዚህ ላይ ስለ 504 አንድ ነገር ልበል። «አይ.ኢ.ፒ. አያስፈልገውም፣ 504 እንስጠው» ሊሏችሁ ይችላሉ። 504 በ1973 የወጣ ፀረ መድልዎ ሕግ ነው። ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ወይም ክፍል ውስጥ መድኃኒት መውሰድ ብቻ ለሚያስፈልገው ልጅ ጥሩ ነው። ግን የፌዴራል ገንዘብ አያመጣም፤ የኦሃዮ ክብደትም አያስገኝም። ወራት ሆስፒታል ለሚመላለስ ልጅ 504 ብቻ ሲሰጥ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ የገንዘብ በሩን በእጁ እየዘጋ ነው። ይህን በትሕትና ብትነግሯቸው ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም።

እግሩ ተሰብሮ ወይም ትርፍ አንጀት ወጥቶለት ለሦስት ሳምንት የሚተኛ ልጅ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። የቤት ሥራ እንዲላክለትና መቅረቱ በሕመም እንዲመዘገብ ብቻ አድርጉ።

6ኛ፦ ልጁ ሆስፒታል ውስጥ ሲማር

ማን ያስተምራል የሚለውና ማን ይከፍላል የሚለው ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው። አስተማሪው የሆስፒታሉ፣ ሆስፒታሉ ያለበት ዲስትሪክት ወይም የራሳችሁ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ሒሳቡን እነሱ በመካከላቸው ይጨርሱ። የክፍያ ወረቀት በእናንተ ስም ከመጣ አትክፈሉ፤ ለትምህርት ቤቱ አስተላልፉት።

የሆስፒታሉ ሰዎች ልጁን በዚያ ከተማ ዲስትሪክት እንድታስመዘግቡት ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ከመፈረማችሁ በፊት ለሁለቱም ወገን አንድ ኢሜይል ላኩ፦ «ይህ ምዝገባ ልጄን ከአሁኑ ትምህርት ቤት ያስወጣዋል? አይ.ኢ.ፒ.ውን ማን ይይዛል? ሲመለስ ቦታው ይጠብቀዋል?» ኮሚኒቲ ስኩል የወረፋ ዝርዝር ያለው ከሆነ የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ አይደለም።

የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል የገባ ልጅም ሆስፒታል የተኛ ልጅ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብለን ደብቀን «አገር ቤት ሄዷል» ስንል፣ መቅረቱ ያለ ምክንያት ይቆጠራል፤ ያ 72 ሰዓትም መቁጠር ይጀምራል። ለቢሮው «ሆስፒታል ነው» ማለት ይበቃል። ምርመራው የሚነገረው ለአይ.ኢ.ፒ. ቡድኑ ነው፤ የተማሪ መዝገብ ምሥጢርነት በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው።

ስለ መኖሪያ ወረቀት የሚሰጋም አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወረቀት የሌለው ልጅ ከሕዝብ ትምህርት ቤት አይከለከልም ብሏል። ስለ ወረቀት ለጠየቃችሁ የትምህርት ቤት ሠራተኛ መልስ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም።

7ኛ፦ ከመውጫው በር ተጠንቀቁ

በግልጽ የማይነገር ነገር አለ። አንዳንድ ጊዜ በጣም ደግ በሆነ ድምፅ «ለልጁ ሌላ ቦታ ቢሻለውስ?» ይባላል። ወይም «ኦንላይን ትምህርት ቤት ሞክሩ»። ምክሩ አንዳንዴ ትክክል ነው። ግን የመልቀቂያ ፎርሙን በፈረማችሁ ቅጽበት ኃላፊነቱ ከእነሱ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ አዲሱ ቦታ ይቀበለው፣ አይ.ኢ.ፒ.ውን አይቶ ተመጣጣኝ አገልግሎት እንደሚሰጥ ያረጋግጥ፤ ከዚያ ፈርሙ።

ኦሃዮ ውስጥ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ለግል ትምህርት ቤት የሚሰጡ ሁለት ስኮላርሺፖችም አሉ፤ የኦቲዝም ስኮላርሺፕ እና የጆን ፒተርሰን ስኮላርሺፕ። ገንዘቡ እውነተኛ ነው፤ የተጠቀሙበት ቤተሰቦች አሉ። ስኮላርሺፑን ስትወስዱ ግን ነፃና የሚመጥን ትምህርት የመስጠቱን ግዴታ ዲስትሪክቱ ላይ መጣል አትችሉም። ሆስፒታል ለሚመላለስ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

8ኛ፦ እንቢ ሲሏችሁ

መጀመሪያ ያቺን ፒ.አር. 01 ጠይቁ። «እንቢ ማለታችሁን ተረድቻለሁ። ምክንያቱን በፒ.አር. 01 ጽፋችሁ ስጡኝ፤ በምረዳው ቋንቋ ይሁንልኝ» በሉ። በቃል እንቢ ማለት ቀላል ነው። ጽፎ መፈረም ሲመጣ ብዙው እንቢታ ሳይጻፍ ይቀራል። በእጄ ካለፉት ስብሰባዎች፣ ከዚህ በኋላ «እስቲ እንደገና እንይ» የተባለበት ብዙ ነው።

በግምገማው ካልተስማማችሁ በትምህርት ቤቱ ወጪ ገለልተኛ ግምገማ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከዚያ ሽምግልና አለ፤ ነፃ ነው፣ ሁለቱም ወገን ሲፈቅዱ ነው የሚካሄደው። ቀጥሎ ለኦሃዮ የትምህርትና የሰው ኃይል መሥሪያ ቤት የጽሑፍ አቤቱታ ማስገባት ነው። ጠበቃ አያስፈልገውም። ጥፋቱ ከተፈጸመ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፤ መሥሪያ ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ ይወስናል። ቀን የተጻፈባቸው ኢሜይሎቻችሁ እዚህ ነው ወርቅ የሚሆኑት። ፍርድ ቤት የሚመስል ዱ ፕሮሰስ የሚባል መንገድም አለ፤ እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ግን ሰው አማክሩ።

የሚያማክር ሰው በነፃ ይገኛል። የፌዴራሉ መንግሥት በየግዛቱ የወላጆች ማዕከል ይደግፋል፤ የኦሃዮው «የኦሃዮ የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ጥምረት» ይባላል። መብት የሚከላከለው ድርጅት ደግሞ «ዲሳቢሊቲ ራይትስ ኦሃዮ» ነው። ስትደውሉ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይሁን።

ያመለጠ ትምህርትም ይጠየቃል። ልጁ ለስድስት ሳምንት አስተማሪ ሊመጣለት ሲገባ ካልመጣ፣ ያመለጡትን ሰዓቶች ቆጥራችሁ «ማካካሻ» ብላችሁ ጻፉ። የማቀዝቀዣው በር ላይ ካላንደር ለጥፉና አስተማሪ የመጣበትን ቀን በሰማያዊ፣ የቀረበትን በቀይ እስክሪብቶ ክበቡ። ስብሰባው ቀን ካላንደሩን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።